አንደኛ ክፍል ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን

ውድ ልጆቼ፣

ከኮሌጅ ወጥታችሁ ሐዋሳ ውስጥ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስትመደቡ፣ የታችኛው ክፍል ሲደርሳችሁ ቅር የምትሰኙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «አንደኛ ክፍል ነው የሰጡኝ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ የሚል ወጣቶች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ማስተማር የበለጠ ክብር ያለው ይመስላቸዋል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከትንንሾቹ ጋር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለ ብዬ አላምንም። ልጅ ከንባብ ጋር የሚዋደደውም የሚጣላውም እናንተ እጅ ላይ እያለ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከቀረበ አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዘው ተመላልሰዋል፣ ከሰሌዳ ገልብጠዋል፣ በኅብረት ጮኸዋል።

በኅብረት መጮኹ ላይ ትንሽ ልቆይ። 33ቱ ፊደላት ከነ7 ቤታቸው 231 ይሆናሉ። ልጆቹ በዜማ ያወርዷቸዋል፤ ደስም ይላቸዋል። ይሁን እንጂ አንዱን ልጅ ለብቻ ጥሩና «ሶ» ላይ ጣታችሁን አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከ«ሰ» ተነስቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ዜማውን ያውቃል፤ ፊደሏን ገና አላወቃትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቶሎ ቶሎ በትኑት። የልጆቹን ስም ሰሌዳ ላይ ጻፉና ከስማቸው ውስጥ ፊደል ያድኑ። የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደል በባጃጅ ላይ ጽሑፍ ወይም በሱቅ ታፔላ ላይ ያገኘ ልጅ በማግስቱ እየሮጠ መጥቶ ይነግራችኋል።

ፊደል መለየት ግን ብቻውን አንባቢ አያደርግም። ልጁ የሚያነብበት ምክንያት ያስፈልገዋል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ «ለወደፊት ሕይወትህ ይጠቅምሃል» ቢባል ምንም አይገባውም። «አያ ጅቦ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» የሚለው ግን እንቅልፍ ይነሳዋል።

ተረት ንገሯቸው። በሳምንት አንዴ አርብ ከሰዓት፣ ጊዜ ከተረፈ የሚባለውን ዓይነት ማለቴ አይደለም። በየቀኑ፣ ልጆቹ ገና ሳይደክሙ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ ዋናው መሣሪያቸው ፊታቸው፣ እጃቸውና ድምፃቸው ነበር። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሲጠሩን ከእያንዳንዳችን ጋር ለብቻ የሚያወሩ ይመስለን ነበር። እናንተም አታፍሩ። ጅቡን በጅብ ድምፅ፣ ጦጣዋን በጦጣ ድምፅ አውሯቸው። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ብለው ይመልሱላችሁ። ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። መልሱ ትክክል ነው አይደለም አትበሉ። ዝም ብላችሁ ስሙ። አንድን ተረት ደግማችሁ ብትነግሯቸውም አይሰለቹም። እንዲያውም የሚያውቁትን ቃል ብትለውጡ ያርሟችኋል።

እንቆቅልሹንም አትርሱ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» ሲባባሉ አጭር መግለጫ ሰምቶ ነገሩን በሐሳብ መፈለግ ይለምዳሉ። ያነበቡትን ለመረዳት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ወላይታን፣ ይርጋለምን፣ ጎንደርን ያስረክባል፤ የአገሩን ስሞች በጨዋታ ይማራል። እንካ ስላንትያ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ቤት ለመምታት የቃሉን መጨረሻ ድምፅ አጥርቶ መስማት ግድ ነው። ድምፅ አጥርቶ የሚሰማ ልጅ ፊደል አይቸግረውም።

እዚህ ሐዋሳ አንድ ክፍል ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው በግዕዝ ፊደል። ለትንሽ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ዝም የሚል ልጅ ካያችሁ «አይችልም» ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ አያቱ የነገረችውን ተረት በቤቱ ቋንቋ ይናገር። ጎኑ ያለው ልጅ በአማርኛ ይመልሰው። ባለተረቱ ሲሰማው «እንደዚያ አይደለም!» ብሎ በአማርኛ ሊያርመው ይነሳል። ያን ጊዜ አፉ ተፈታ ማለት ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በሆነው በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ከትልልቆች የሰሙትን ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ዕድሉን ስጧቸው።

አሁን ወደ ጽሕፈት ልምጣ። ከሁሉ በላይ የምመክራችሁ ይህን ነው፤ ልጁ የተናገረውን እናንተ ጻፉለት። አንድ ጠዋት ትንሽ ተማሪዬ ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ስታወራ ሰሌዳው ላይ እንዳለ አሰፈርኩት፦ «አያቴ ድመት አትወድም። ድመቷ ግን አያቴን ትወዳለች። ሁልጊዜ ነጠላዋ ላይ ትተኛለች።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ «አንብቢው» አልኳት። ንባብ የሚያስጨንቃት ልጅ ነበረች። የራሷ ቃል ስለሆነ በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችው። ሌሎቹም በተራ አነበቡት። ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ «የእኔንም ጻፉልኝ» የሚል አይጠፋም ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ ባልደረሰን ጊዜ እንኳ የምናነበው አጥተን አናውቅም።

መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ ርዕሱን ከኑሯቸው አምጡ። «ትምህርት ለአገር ዕድገት ያለው ጠቀሜታ» የሚል ርዕስ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ሲሰጥ አይቼ አዝኛለሁ። ልጁ ምን ይበል? ከሰው የሰማውን ሦስት መስመር ገልብጦ ይሰጣችኋል። «አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ምን አያችሁ?» በሉት። አምባዛው እንዴት እንደሚያስፈራ፣ ትልልቆቹ አሞራዎች የዓሣ አንጀት እንዴት እንደሚሻሙ፣ አጎቱ ከሻጩ ጋር እንዴት እንደተከራከረ ይጽፍላችኋል።

ሲያስረክባችሁ ቀይ እስክሪብቶ አታንሱ። መጀመሪያ አንብባችሁ ስለታሪኩ ጠይቁት፦ «ከዚያስ አጎትህ ገዛው?» ሀሌታውን «ሀ»ና ሐመሩን «ሐ» ስለ ማምታታቱ ሌላ ቀን፣ በቃለ ጽሕፈት ጊዜ ታነሱታላችሁ። ከላይ እስከ ታች በቀይ የተሞላ ገጽ የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጽፈው እንዳይሳሳት ብቻ ነው። አጭር፣ ባዶ፣ ከስህተት የጸዳ። እኔ እንደዚያ ዓይነቱን ጽሑፍ አልወድም። መቶ ጊዜ ጻፍ ብሎ መቅጣትም ይቅር። ብዕር የቅጣት መሣሪያ ከሆነ ልጁ እንዴት ይጫወትበታል?

ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉን እንዴት አዳምጣለሁ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ከባድ ነው። ሁሉን በየቀኑ ማዳመጥ አትችሉም። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይስማ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ጫጫታ ይኖራል። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ቢል አትደንግጡ፤ የምትሠሩትን አስረዱት። ጎበዝ የሆነውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተለያዩ ልጆችን ጽሑፍ በየተራ ለሚኒ ሚዲያ ስጡ። ስሙ በድምፅ ማጉያ የተጠራ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለመምህር አይነገርም።

መጽሐፍን በተመለከተ አንድ ነገር ያናድደኛል። በእርዳታ የመጡ ውብ የልጆች መጻሕፍት እንዳይቀደዱ ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው አቧራ ሲጠጡ አይቻለሁ። ይቀደዱ! ብዙ እጅ ነክቶት የተቀደደ መጽሐፍ ሥራውን ሠርቷል፤ በሙጫ ይጠገናል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በዚህችው ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2005 በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት መዞር ጀምሮ ነበር። ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ካልመጣ ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ልጁ ሄደ። እናንተ አህያ ባይኖራችሁ ካርቶን አታጡም። በክፍላችሁ ጥግ አስቀምጡት፤ አዋዋሱን ለልጆቹ ለራሳቸው ተዉላቸው። በየሳምንቱ መዝጋቢ ይምረጡ።

ወላጆች ስብሰባ ሲመጡ «እኔ አልተማርኩም፣ ምን ላግዘው?» የሚሉ እናቶች አሉ። ማታ ቡና እያፈሉ «እስኪ አንብብልኝ» ይበሉት በሏቸው። ባይገባቸውም ከልብ ይስሙት። ደግሞ እሳቸው ተረት ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ክፍል ጋብዟቸው። የልጁ ኩራት ለወር ይበቃል።

ክረምቱ ግን ያሳስበኛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጽሐፍ ያልነካ ልጅ መስከረም ላይ ብዙ ረስቶ ይመጣል። ሰኔ ላይ ካርድ ስትሰጡ ከካርዱ ጋር አንዳንድ መጽሐፍ ከካርቶኑ አውሷቸው። መጽሐፉ ካልበቃ፣ በዓመቱ ውስጥ ልጆቹ የጻፉትን ሰፍታችሁ አከፋፍሏቸው። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ያነበቡትን ለመስማት ያዙት፤ ፈተና አታድርጉት።