«ሌዘሩ ኩላሊቴን አያቃጥለውም?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። ባለፈው ወር ከግራ ጎኔ ተነስቶ እስከ ብሽሽቴ የሚወርድ ከባድ ሕመም ያዘኝ። ሲቲ ስካን ስነሳ ግራ ኩላሊቴ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ተገኘ። ሐኪሜ «ሳይቀደድ በሌዘር ይሰባበራል፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት ስቴንት የሚባል ቱቦ ይቀመጥልሻል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። ሌዘር ሲባል የሚታየኝ ማቃጠል ነው። ኩላሊቴን አይጎዳውም? ብዙ ውሃ እየጠጣሁ ብጠብቅ በራሱ አይወጣም? ቱቦውስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎ። የጠጠር ሕመም ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የያዘው ያውቀዋል፤ ከምጥ ይብሳል የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ሦስቱንም ጥያቄዎች እመልስልዎታለሁ። አብዝቼ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ ቱቦው ነው።

መጀመሪያ ልጠብቅ ወይ ስላሉት። ጠጠር በራሱ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው በዋናነት መጠኑና ያለበት ቦታ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሱት አብዛኞቹ ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈ ግን በራሱ የመውጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ፣ እኛ ዩሬተር የምንለው፣ ውስጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሰፋው። የእርስዎ 14 ነው። ውሃ መጠጣት አዲስ ጠጠር እንዳይሠራ ይረዳል እንጂ የተሠራውን አያሟሟም። «ይህን ጠጡ፣ ጠጠር ያሟሟል» የሚልዎትን ሁሉ አይስሙ። በመድኃኒት የሚሟሟ አንድ ዓይነት አለ፣ እሱም የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው። የሽንትን አሲድነት የሚቀንስ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ሲወሰድ እየሟሟ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «የእኔ ጠጠር ዩሪክ አሲድ የመሆን ዕድል አለው?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሲቲ ስካኑና የሽንት ምርመራው ፍንጭ ይሰጣሉ።

ወደ ሌዘሩ እንምጣ። ሙሉ ሰመመን ይሰጥዎታል። አንዳንዴ ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝም ይቻላል። ከዚያ ሐኪሙ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት፣ ጫፏ ላይ ካሜራ ያላትና እንደተፈለገ የምትተጣጠፍ ቀጭን መሣሪያ በሽንት መውጫው ያስገባል። በፊኛ አልፎ፣ በዩሬተሩ ሽቅብ ወጥቶ ኩላሊት ውስጥ ይደርሳል። ቆዳዎ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። በመሣሪያዋ ውስጥ ደግሞ የፀጉርን ያህል የቀጠነች የሌዘር ክር ታልፋለች። ጠጠሩን የምትመታው እሷ ናት።

አሁን የፈሩት ነገር ላይ ደረስን። ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌዘር ሙቀት ነው። ግን በብዛት የምንጠቀምበት ሆልሚየም የሚባለው ሌዘር አንድ ደግ ጠባይ አለው። ውሃ ወዲያው ይመጠዋል። ኩላሊት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለሆነ ጉልበቱ ከክሩ ጫፍ ብዙም አይርቅም፤ ሥጋ ቢነካ እንኳ ዘልቆ የሚገባው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ክሩን ከጠጠሩ ጋር እያገናኘን የምንሠራው። በዚያ ላይ ሥራው እስኪያልቅ የጨው ውሃ ያለማቋረጥ እየገባ ያቀዘቅዛል፣ ዱቄቱንም ያጥባል። አዲሱ የቱሊየም ሌዘር ደግሞ ጠጠሩን ይበልጥ ያደቀዋል፤ መርሁ ግን ያው ነው። ሐኪሙ ጠጠሩን ወይ አድቅቆ በሽንት እንዲወጣ ይተወዋል፣ ወይ ይሰባብረውና ስባሪውን በትንሽ የሽቦ መረብ እየያዘ ያወጣዋል።

እኔ ከሌዘሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኢንፌክሽን ነው። ጠጠር ውስጥ ባክቴሪያ ሊደበቅ ይችላል፤ ሲሰበር ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ፣ መሠራት አለበት። ባክቴሪያ ከተገኘ አስቀድሞ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ቀጠሮ እየጠበቁ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ ቀጠሮውን ይተዉትና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዩሬተሩ ተዘግቶ ከበላዩ ያለው ሽንት ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሌዘር አይሠራም፤ መጀመሪያ ሽንቱ መውጫ እንዲያገኝ ይደረጋል፣ ጠጠሩ ኋላ ይደርሳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት።

ከዩሬተሩ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ዩሬተሩ ጠባብ ይሆንና መሣሪያዋ አላልፍ ትላለች። ጥሩ ሐኪም ያኔ አይታገልም፤ ስቴንት ብቻ አስቀምጦ ይወጣል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ዩሬተሩ በራሱ ይላላል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሥራው ይቀልላል። ታካሚዎች ከሰመመን ነቅተው «ጠጠሩ አልወጣም» ሲባሉ በጣም ያዝናሉ። ይህ ከደረሰብዎ ሐኪሙ ዩሬተርዎን ከመቀደድ አድኖታል ማለት ነው።

አሁን ስቴንቱ። ለስላሳ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ናቸው፤ አንዱ ኩላሊት ውስጥ፣ አንዱ ፊኛ ውስጥ ተቀምጦ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ዩሬተሩ ከሕክምናው በኋላ ያብጣል፤ የጠጠር ስባሪም ይወርድበታል። ሁለቱ ከተገናኙ ዩሬተሩ ተዘግቶ ያ የሚያውቁት ሕመም ይመለሳል። ስቴንቱ ይህን ይከላከላል።

ግን ምቾት የለውም። ይህን በቅጡ ባለመንገራችን ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ ይደነግጣል። ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣል። ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛዎን ቁርጥ ያደርግዎታል። ሲሸኑ ጎንዎንም ሊያምዎ ይችላል፤ ፊኛ ሲጨመቅ ጥቂት ሽንት በስቴንቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ነው። ሽንትዎ ሮዝ ይሆናል፤ ብዙ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይቀላል፣ ውሃ ሲጠጡ ይጠራል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ የሚያስታግስ መድኃኒትም አለ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የረጋ ደም፣ ሽንት አልመጣ ማለት ግን የሚጠበቅ አይደለም። ወዲያው ይደውሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ስቴንቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ማውጣቱ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። እባክዎ ግን እንዳይረሱት። አሞኝ አያውቅም፣ ተሽሎኛል ብለው ሳያስወጡት ዓመት ቆይተው የሚመጡ አሉ። ያኔ ስቴንቱ ራሱ ጠጠር ለብሶ እናገኘዋለን፤ ለማውጣት ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ኩላሊታቸው የከሰመባቸውም አሉ። ከሆስፒታል ሳይወጡ የማውጫውን ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ። ስልክዎ ላይም ይመዝግቡት፤ ለቤተሰብም ይንገሩ።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ ካሉኝ፣ አለ። ከውጭ በድምፅ ሞገድ መሰባበር ይቻላል። ለትንንሽና ብዙ ላልጠነከሩ ጠጠሮች ጥሩ ነው፣ ግን መደጋገም ሊጠይቅ ይችላል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጡት ደግሞ በጀርባ በኩል በትንሽ ቀዳዳ መግባት ይሻላል። ለ14 ሚሊ ሜትር፣ ከጻፉልኝ ተነስቼ፣ የሐኪምዎ ምርጫ ትክክል ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «በአንድ ጊዜ ያልቃል ወይስ ሁለተኛ ዙር ሊያስፈልግ ይችላል?» አንዳንዴ ስባሪ ይቀራል፤ ስለዚህ በኋላ በምስል መታየት አለበት።

ስባሪው ለላቦራቶሪ እንዲላክም ይጠይቁ። የሠራው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መከላከሉ ግምት ይሆናል፤ ጠጠር ደግሞ መመለስ ይወዳል። እስከዚያው በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ተኩል ሽንት የሚያስሸናዎት ያህል ይጠጡ። ሽንትዎ ውሃ ሊመስል የቀረበ ይሁን። ጨው ይቀንሱ፤ ጨው ሲበዛ ካልሲየም ወደ ሽንት ይፈስሳል። ወተት ግን አይተዉ። ጠጠሩ ካልሲየም ነው ብለው ወተት የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። በምግብ የሚገባው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን፣ ማለትም ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ጠጠር የሚሠራውን ንጥረ ነገር፣ ይዞት ይወጣል፤ ሲቀር ኦክሳሌቱ ወደ ኩላሊት ይሄዳል።