ከቆሽት ሕመም በኋላ የሚታይ የደም መፍሰስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ወንድሜ ከሁለት ወር በፊት በሐሞት ጠጠር ሳቢያ በተነሣ አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ታሞ፣ ለሳምንታት ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ተሽሎት ወጣ። ቆሽቱ አጠገብ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት እንዳለና በራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ተነግሮን ነበር። በቅርቡ ግን ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ራሱንም አዞረው። የጨጓራ ቁስል ነው ተብሎ መድኃኒት ተጀመረለት፤ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) ሲታይ ግን ቁስል አልተገኘም። ደሙ በራሱ ስለቆመ ወደ ቤት ልንመልሰው ስንዘጋጅ አንድ ሐኪም ሲቲ ስካን አዘዙለት፤ ወደ ጣፊያ በሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ሱዶአኑሪዝም የሚባል እብጠት መኖሩም ታወቀ። በብሽሽቱ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ከውስጥ እንዲዘጋ ተመክረናል። ደሙ ቆሞ ሳለ ይህ ለምን ያስፈልጋል? ቀዶ ሕክምና አይሻልም? ጣፊያውስ ደም ሲቋረጥበት ምን ይሆናል? (እህቱ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሲቲ ስካን ያዘዙት ሐኪም ለወንድምዎ ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ የተሰጣችሁ ምክርም ትክክለኛ ስለሆነ ሳትዘገዩ እንድትቀበሉት እመክራለሁ።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚገኝ ዕጢ ሲሆን፣ ምግብ የሚፈጩ ጠንካራ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። በጤናማ ሰው እነዚህ ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚጀምሩት ትንሹ አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። በአጣዳፊ ብግነት ጊዜ ግን እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሳሉ ሥራ ይጀምሩና ዕጢውንም በአካባቢው ያለውንም ሥጋ ይበላሉ። ወደ ጣፊያ የሚሄደው ደም ቅዳ የቆሽቱን የላይኛ ጠርዝ ተከትሎ ስለሚያልፍ ከሁሉም በላይ የሚጠቃው እርሱ ነው፤ ወደ ጨጓራና ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚሄዱት ቅርንጫፎችም ከአደጋው አያመልጡም። በተለይ ኢላስቴዝ የተባለው ኢንዛይም የደም ቅዳውን ግድግዳ የመለጠጥ ኃይል የሚሰጡትን ክሮች ሲያሟሟ ግድግዳው ሳስቶ ይቀደዳል፤ የወጣውም ደም በዙሪያው ባለው ሥጋ ወይም በፈሳሹ ከረጢት ተይዞ ይቆያል። ሱዶአኑሪዝም የሚባለው ይህ ነው። የራሱ የደም ሥር ግድግዳ ስለሌለው፣ በየልብ ምቱ የሚደርስበትን ግፊት ለረጅም ጊዜ ሊቋቋም አይችልም። ብዙውን ጊዜ የሚታየውም ሕመሙ ከጀመረ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ ቤተሰብ አደጋው አልፏል ብሎ በተረጋጋበት ወቅት ነው።

ደሙ ቆሞ ሳለ ለምን ሕክምና ያስፈልጋል ላሉት፣ ደሙ የቆመው ቀዳዳው ስለዳነ አይደለም፤ የደም ግፊቱ ሲወርድ ትንሽ የረጋ ደም ስለደፈነው ነው። ከቆሽት ብግነት በኋላ የሚታይ ትንሽ የደም መፍሰስ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊከተል የሚችል ከባድ መድማት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያ ሁለተኛው መድማት ካልታከመ ደግሞ አብዛኞቹን ሕሙማን ይገድላል። እብጠቱ ትንሽ መሆኑም መጽናኛ አይሆንም፤ ትንንሾቹም ይፈነዳሉ፤ ስለዚህ መጠኑ ምንም ይሁን ምን ይታከማል።

ኢንዶስኮፒው ምንም አለማሳየቱ ብዙ ሰዎችን ያሳስታል። ደሙ በቆሽት ቱቦ በኩል አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት እየቆራረጠ ሊገባ ስለሚችል፣ መሣሪያው በገባበት ሰዓት ካልፈሰሰ አይታይም። በአገራችን ጥቁር ሰገራ ሲታይ ሁሉም ነገር ጨጓራ ላይ ይላከካል፤ በቅርቡ የቆሽት ብግነት ያለፈበት ሰው ሲደማ ግን ታካሚውም ቤተሰቡም ይህን ታሪክ ሳይጠየቁ ለሐኪም መናገር አለባቸው። የሚታዘዘው ሲቲ ስካንም ደም ሥሮችን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ የንፅፅር መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ፣ መድኃኒቱ ደም ቅዳዎቹን በሞላበት ቅጽበት የሚነሣ ምስል ሊኖረው ይገባል፤ ዘግይቶ ብቻ የተነሣ ምስል እብጠቱን ሊስተው ይችላል። ይኸው ምርመራ ከጣፊያ የሚመለሰው ደም መልስ ረግቶ ተዘግቶ እንደሆነም ያሳያል፤ ያኛው በጨጓራ ውስጥ ያበጡ ደም መልሶችን ፈጥሮ የሚያደማና ሕክምናውም የተለየ ችግር ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ብሽሽቱ ወይም የእጅ አንጓው በማደንዘዣ መርፌ ብቻ ደንዝዞ፣ ቀጭን ቱቦ በዋናው ደም ቅዳ በኩል እየተመራ እስከ ተጎዳው ቅርንጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በቱቦው ውስጥ የተጠቀለሉ ጥቃቅን የብረት ሽቦዎች ይለቀቃሉ፤ ደሙም በሽቦዎቹ ላይ ረግቶ ሥሩ ይዘጋል። ባለሙያው የሚዘጋው ከቀዳዳው ወዲህ ያለውን ብቻ ሳይሆን ወዲያ ማዶ ያለውንም ነው፤ ያለዚያ ከሌሎች ቅርንጫፎች ዞሮ የሚመጣ ደም እብጠቱን ከኋላ መልሶ ይሞላዋል። መዘጋት የሌለበት ሥር ሲሆን፣ ለምሳሌ ጉበትን የሚመግበው፣ ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍን የተለበጠ ስቴንት (ሥሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይታያል። ይህ ሕክምና በአብዛኞቹ ሕሙማን ይሳካል፤ በአንዳንዶች ደሙ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ግን ክትትልና ምናልባትም ድጋሚ ሥራ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና ይሻል እንደሆነ ለጠየቁት፣ በወንድምዎ ሁኔታ መጀመሪያ የሚመረጠው እርሱ አይደለም። በብግነት የተቆጣ ሥጋ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሲነካ የሚደማና ስፌት የማይይዝ ስለሚሆን፣ ደሙን ፈልጎ ማቆም ለቀዶ ሐኪሙ እጅግ ከባድ፣ ለታካሚውም አደገኛ ነው። ሆኖም በቱቦው የሚደረገው ሥራ ሳይሳካ ሲቀር፣ ወይም ታካሚው እየደማ ባለሙያው በአቅራቢያ በማይገኝበት ጊዜ፣ ነፍስ የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ የቱቦ ሕክምና በአገራችን በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሪፈር የሚያስፈልገው ታካሚ ደሙ ቆሞ ግፊቱ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ደም ተዘጋጅቶለት መላክ ይኖርበታል። ሁለተኛው መድማት መንገድ ላይ ሊያገኘው አይገባም።

ጣፊያው ዋናው ሥሩ ቢዘጋበትም ከጨጓራ በኩል የሚመጡ አጫጭር ሥሮች ስለሚመግቡት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ከፊሉ ደም አጥቶ ሊሞት ስለሚችል ለጥቂት ቀናት በግራ ጎን ሕመምና መጠነኛ ትኩሳት ቢኖር አያስደንግጣችሁ፤ ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ካልበረደ ግን መግል ቋጥሮ እንደሆነ መታየት አለበት። ጣፊያው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ካቆመ ወይም በቀዶ ሕክምና ከወጣ፣ የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ)፣ የማጅራት ገትርና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ የተባለው ባክቴሪያ ክትባቶች ያስፈልጉታል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ፈሳሽ የቋጠረው ከረጢት ደም ቅዳው ሳይዘጋ መቀዳት የለበትም፤ ደሙን አቅፎ የያዘው የከረጢቱ ግፊት ድንገት ሲላላ ከባድ መድማት ሊነሣ ይችላል። ደም ቅዳው ከተዘጋ በኋላ ከረጢቱ ሕመም ካላስከተለና ካልመረቀዘ በክትትል ብቻ ሊታለፍ ይችላል። ለሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክና አስፕሪን በራሱ ፈቃድ አይውሰድ። የብረት እንክብል ከታዘዘለት ሰገራው በእርሱም ስለሚጠቁር፣ ጥቁረቱ ሲታይ ማዞር፣ ላብ ወይም የልብ ምት መፍጠን መኖሩን አስተውሉ፤ ካለ ወይም ከተጠራጠራችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የበሽታው መነሻ የሐሞት ጠጠር ስለሆነም፣ መድማቱ ቆሞ ብግነቱ ሲበርድ የሐሞት ከረጢቱ የሚወጣበትን ቀን ከሆስፒታል ሳትወጡ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ቁረጡ።