ለመዘዞና ለመንዝ ልጆች፦ ድንጋያችሁን ከገዢው ቀድማችሁ እወቁት

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኋቸው ወጣቶች፣ «ቦትስዋና በአልማዝ አለፈላት፤ እኛ በመዘዞው የከበረ ድንጋይ፣ በኦፓል፣ ለምን አላለፈልንም?» ብለው ጠየቁኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በከበሩ ድንጋዮች ግምት ላይ ነውና ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። በቆምንበት የመለስኩላቸው ግን አጭር ስለነበር ቀሪውን ለእነርሱም ለእናንተም እጽፈዋለሁ።

ቦትስዋና ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ የኦራፓ አልማዝ የተገኘው በዓመቱ ነው። ድንጋይ መኖሩ ብቻውን አገር አያበለጽግም፤ ኮንጎና ሴራሊዮንም አልማዝ አላቸው። ቦትስዋናዎች ዲ ቢርስ ከተባለው ትልቅ የአልማዝ ኩባንያ ጋር ሽርክና ገቡ፤ ዴብስዋና የተባለው ኩባንያ ዛሬ እኩል በእኩል የሁለቱ ነው። በ1982 ሥራ የጀመረው ጅዋኔንግም በምርቱ ዋጋ ሲመዘን በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት የአልማዝ ማዕድን ማውጫዎች አንዱ ሆነ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ ወዲያ ያደረጉት ነው። ድንጋዩ ለብዙ ዘመን ለንደን ይወሰድና ከሌሎች አገሮች ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ፣ ደረጃ ወጥቶለት ይሸጥ ነበር። ቦትስዋናዎች ውል በታደሰ ቁጥር ይህን ሥራ ወደ አገራቸው እየሳቡ፣ በ2013 የዲ ቢርስን ዋናውን የጥሬ አልማዝ ሽያጭ ወደ ዋና ከተማቸው ጋቦሮኔ አመጡት። ኦካቫንጎ የተባለው የመንግሥት ኩባንያም የአገሪቱን ድርሻ ራሱ ይሸጣል፤ በ2025 በተፈረመው ውል ድርሻው ከ25 ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሎ ከዚያም በኋላ እንዲጨምር ተስማምተዋል።

ለደረጃ ማውጣት ሥራ ይህን ያህል መታገል ለምን? ጥሬ አልማዝ የሚለየው ሰው ነጭ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። በአንድ እጁ መቆንጠጫ፣ በሌላው አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ ይይዛል። ፍሬውን እያገላበጠ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በጥራት፣ በቀለም ይለየዋል። በትልቁ ገበያ ይህ ልየታ በሺዎች የሚቆጠሩ የዋጋ ክፍሎች አሉት። ሁለት ለዓይን አንድ የሚመስሉ ፍሬዎች በዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱን የሚያየው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው የገዢው ሠራተኛ ከሆነ ዋጋውን ማን እንደሚወስነው ግልጽ ነው።

የመንዝ ገበሬ በጉን ለገበያ ሲያወጣ ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ዳብሶ፣ የሚያወጣውን ገምቶ ነው፤ ነጋዴ አያታልለውም። የዚሁ ገበሬ ልጅ ግን ኦፓሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ደላላ እጅ ላይ ይዘረግፍና «ስንት ትሰጠኛለህ?» ይላል። ይህን ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ።

የመዘዞ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ድቡልቡል ነው፤ ሲፈነከት ቡናማ፣ ቸኮሌት መሳይ መደብ ላይ ቀይና አረንጓዴ እሳት፣ ማለትም የቀለም ብልጭታ፣ ይንቦገቦግበታል። አብዛኛው ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከተቆረጠና ቀለበት ላይ ከዋለ በኋላ የተሰነጠቀው ድንጋይ የሁሉንም ስም አጠፋ፤ በ2008 የወሎው ወገል ጤና ኦፓል ሲመጣ ገበያው ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ያኛውም ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል፣ እርጥብ ሳለ እሳቱ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል።

«ቡናማ ድንጋይ ማን ይፈልጋል?» የሚሏችሁን አትስሟቸው። የአውስትራሊያው አርጋይል ማዕድን ማውጫ በ1983 ሥራ ሲጀምር አብዛኛው አልማዙ ቡናማና ትንንሽ ነበር፤ ለጌጥ የሚመኘው አልነበረም። የሕንዷ ሱራት ከተማ ቆራጮች ሌላው የናቀውን ያን ፍርፋሪ በርካሽ እጅ ሞረዱት፤ ዛሬ በቁጥር ከዓለም አልማዝ እጅግ የሚበዛው የሚቆረጠው እዚያው ሕንድ ውስጥ ነው። አርጋይሎች ደግሞ ቡናማውን «ሻምፓኝ» እና «ኮኛክ» ብለው ለጌጥ አበቁት። ድንጋዩ ያው ነው። ልዩነቱ ለትንሽ ፍሬ የሚታገሥ ቆራጭና ሳይዋሽ የሚያሞግስ ሻጭ መገኘቱ ነው። የእኛ ኦፓል ብዙው እስከ ዛሬ ጥሬውን ሕንድ፣ ጃይፑር ድረስ ተጉዞ የሚቆረጠው እዚህ የድንጋይ እጥረት ኖሮ አይደለም።

ቦትስዋናም እንዳታስጎመጃችሁ። የውጭ ንግድ ገቢዋ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ከአልማዝ ስለነበር፣ ሰው ሠራሹ አልማዝ ሲረክስና ፈላጊ ሲቀዘቅዝ በ2024 ኢኮኖሚዋ ወደ ኋላ ሄደ። ሰው ሠራሽ ኦፓልም ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ ስለዚህ የእናንተ ድንጋይ ከየት እንደወጣ ማሳየት መቻል አለባችሁ። መሬታችሁንና በጎቻችሁን ለጉድጓድ ብላችሁ አትሽጡ።

እንግዲህ ማኅበር ካላችሁ በማኅበር፣ ከሌላችሁም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ። ማጉያ መነጽር፣ ግራም የሚለይ ሚዛንና ደብተር ግዙ። ከጉድጓድ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቀን አትሽጡ፤ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ለወራት አስቀምጡትና የሚሰነጠቀው እዚያው ይሰንጠቅ። የቀረውን በመደቡ ቀለም፣ በእሳቱ ብርታት፣ በመጠኑ ለዩት። እያንዳንዱ ቡድን ስንት ግራም እንደሆነ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ፣ ስንት እንደተጠየቀበትና ስንት እንደተሸጠ ጻፉ። በጭስ ያጠቆራችሁትን ድንጋይ ከተፈጥሮው ጋር አትቀላቅሉ፤ አንድ ጊዜ የተያዘባችሁ ገዢ ሁለተኛ አይመለስም። ከእናንተ አንዱ ደግሞ ቁፋሮውን ትቶ መቁረጥ ይማር፤ መማሪያውም በዚያ በተሰነጠቀው፣ ማንም በማይገዛው ድንጋይ ይሁን።