የእነዚያን ምሽቶች ድምፅ ለሕዝብ ልልቀቀው ወይስ ይዤው ልቅር?

የተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። በሒሳብ ሠራተኛነት የምተዳደር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጥያቄዬ የትዳርም የገንዘብም ስላልሆነ ለአምድዎ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ እኔን ግን ለዓመታት ካልተለዩኝ ጓደኞቼ ጋር ሊያቀያይመኝ ስለደረሰ ምክርዎን ለመጠየቅ ወስኛለሁ።

በከተማችን አንድ አነስተኛ የሙዚቃ ቡድን ነበር። አባላቱ አራት ናቸው፤ ጊታር ተጫዋቹ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ ከበሮና ድራም አጣምሮ የሚመታው ልጅ እና ድምፃዊቷ። አልበም አላወጡም፣ ሠርግ አልሠሩም፣ በሬዲዮም አልተሰሙም። ከዚራ በተባለው ሰፈር በአንድ አሮጌ ግቢ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ይጫወቱ ነበር። ወንበር ያላገኘ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ምንጣፉም ከሞላ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል።

ጊታር ተጫዋቹ ክሮቹን በብረት ዘንግ እየፈገፈገ፣ ባቡር ሐዲዱ ላይ ፍሬን ሲይዝ የሚሰማውን ሲጢጥታ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ከሽለላ ይነሣና የት እንደሚያደርሰን ራሱም ሳያውቅ ይነጉዳል። ድምፃዊቷ በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ቀጥላ በሶማልኛ ትጨርሰዋለች። አንድ ዜማ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲጫወቱት ሰምቼ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ግራ ተጋብቶ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ሰው አስከትሎ ይመጣል። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ጊታሩም ማይክሮፎኑም ዝም ሲሉ፣ ከበሮው ብቻ ቀርቶ እኛ በጭብጨባ ይዘነው፣ ሳክስፎኑ በጨለማው መካከል በሰዎቹ ውስጥ እየተዘዋወረ ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ ተጫውተዋል። በሌላ ምሽት ደግሞ ሁላችንም አዴ ብለን የምንጠራቸው የሰፈሩ እናት ከመካከላችን ተነሥተው አንድ የሠርግ ዘፈን ሲያወጡ፣ ቡድኑ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካዳመጣቸው በኋላ ቀስ እያለ ከሥራቸው ገባ። በዚያ ግቢ የነበርን ሰዎች ዛሬም ስንገናኝ ወሬያችን ይኸው ነው።

እኔ እነዚያን ምሽቶች በትንሽ መቅጃ እቀዳ ነበር። በድብቅ አልነበረም፤ ጊታር ተጫዋቹ ራሱ መቅጃዬን ተቀብሎ ጥሩ ድምፅ የሚገኝበት ቦታ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ከዚያ ሳክስፎን ተጫዋቹ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ድምፃዊቷ ለሥራ አዲስ አበባ ገባች፤ ቡድኑም ተበተነ። አዴም ዐርፈዋል። እኛ አድማጮቹ ግን አልተበተንንም፤ በቴሌግራም ቡድን ከፍተን እንጠያየቃለን፣ የናፈቀንን ዜማ በአፋችን እያንጎራጎርን እንላላካለን።

አሁን ጓደኞቼ ቅጂዎቹን በሙሉ ዩቲዩብ ላይ እንድጭናቸው ይጠይቁኛል። ከአራቱ ተጫዋቾች ሦስቱ ተስማምተዋል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ግን «ያ የዚያ ምሽት ነበር፤ እዚያው ይቅር» ብሎ መልሶልኛል። ጓደኞቼ ሦስት ለአንድ ነው፣ ጥሎን የሄደ ሰው ሊከለክለን አይገባም፣ ደግሞም እኛ ባንኖር ሙዚቃው እንደዚያ ባልሆነ ነበር ይላሉ። አንዳንዶቹ ለብቻዬ ላስቀረው እንደፈለግሁ አድርገው ማየት ጀምረዋል። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ቡድኑን አንድም ቀን በዓይኑ ያላየ አንድ ወጣት «እነሱን የማውቃቸው በእናንተ ወሬ ብቻ ነው» ማለቱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉንም አጥፍቼ እንድገላገል ይመክረኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

አክባሪዎ፣
ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ እንደ ከተማሽ ልማድ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ እንደማይከፋሽ አምናለሁ። በመጀመሪያ አንድም ቅጂ አታጥፊ። የባለቤትሽ ሐሳብ አንቺን ከጭንቀት ለማዳን የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን የጠፋ ድምፅ ነገ ሁሉም ቢስማሙ እንኳ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ እስካልፈቀደ ድረስ እሱ ያለበትን አትልቀቂ፤ «ለቅርብ ሰው ብቻ» በሚል በቴሌግራምም አትላኪ፤ እዚያ የገባ ድምፅ በአንድ ሌሊት ከተማ ያዳርሳልና።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልንገርሽ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ሕጋችን ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ሕጉ ከዋኝ ለሚለው፣ ማለትም በመድረክ ለሚጫወተውና ለሚዘፍነው ሰው፣ የራሱን መብት ይሰጠዋል። ክዋኔው እንዲቀረጽ፣ የተቀረጸው እንዲባዛና ለሕዝብ እንዲሠራጭ የሚፈቅደው እሱ ነው። ቡድኑ እንድትቀጂ መፍቀዱ እንድታሠራጪ እንደ መፍቀድ አይቆጠርም። በተለይ እንዲህ ባለው ሙዚቃ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ያን ምሽት ያወጣው ድምፅ አስቀድሞ ያልተጻፈና ከራሱ የፈለቀ በመሆኑ፣ ሦስቱ በድምፅ ብልጫ የአራተኛውን ሊሰጡልሽ አይችሉም።

ጓደኞችሽ «እኛ ባንኖር ሙዚቃው እንደዚያ ባልሆነ ነበር» ያሉት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ እኔም አብዛኛውን እቀበለዋለሁ። አዲስ ነገር የሚሞክር ቡድን ያለ አድማጭ ልምምድ ላይ ያለ ቡድን ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ምቱን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጭብጨባችሁ ባይኖር ሳክስፎኑ በጨለማ ለመዘዋወር የሚደገፍበት አልነበረውም። አጥር ተደግፎ የሚቆመው ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ተጫዋቹ ይሰማዋል፤ አንድ ሐረግ ሁለት ጊዜ ብሎ ሊያልፈው የነበረውን ዐሥር ጊዜ የሚመላልሰውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ቡድኑ ከተበተነ በኋላም ለዓመታት መቆየቱ አያስገርመኝም፤ እናንተ የምትናፍቁት የዘፈን ዝርዝር ስላልሆነ፣ አብራችሁ የሠራችሁትን ነገር ስለሆነ።

ይሁንና የሳክስፎን ተጫዋቹ እምቢታ ከዚሁ ከናንተው ፍቅር የመነጨ ይመስለኛል። ሰው የት እንደሚያደርሰው ሳያውቅ ወደ ሽለላ የሚገባው፣ ቢሳሳት የሚሸከመው ሰው ፊቱ ስላለ ነው። ያን ምሽት የተሰናከለች ኖታ እናንተ ዘንድ የጀግንነት ምልክት ናት፤ እናንተን ለማያውቅ፣ በስልኩ ለደቂቃ ሰምቶ ለሚያልፍ ሰው ግን ስሕተት ብቻ ናት። እሱ «እዚያው ይቅር» ያለው እናንተን ንቆ ሳይሆን፣ በናንተ ፊት የነበረው ነፃነት በማያውቀው ሰው ፊት እንደማይኖረው ስለተረዳ ሊሆን ይችላል። ይህን ክብር ልትሰጪው ይገባል።

በዚህ ጉዳይ ሌሎች ቡድኖች የሄዱበትን መንገድ ማወቅ ይረዳሻል። በካሊፎርኒያ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው ቡድን፣ አድማጮቹ መድረኩን እንዲቀዱ ከመፍቀድ አልፎ በ1984 እ.ኤ.አ. ለቀጂዎች የተለየ ቦታ አዘጋጅቶላቸዋል፤ ቅጂዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄዱ እንጂ እንዲሸጡ አልፈለገም። በ1987 እ.ኤ.አ. መጫወት የጀመረው የዋሽንግተኑ ቡድን ፉጋዚ ደግሞ መድረክ ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በድምፅ ባለሙያው የተቀዱለትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ምሽቶች ከ2011 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ራሱ ለአድማጮቹ ከፍቷል፤ ድምፁ ያማረውን ብቻ ሳይመርጥ፣ ጉድለቱንም አብሮ። በሁለቱም ዘንድ አድማጩ የልቡን ያገኘው ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሩን ስለከፈቱለት ነው።

ከኛው አገር ታሪክ ደግሞ የኃይሉ መርጊያን ላንሣልሽ። የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ካሴት አንድ የሙዚቃ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና ወደደው፤ ነገር ግን አባዝቶ ከመበተን ይልቅ ሰውየውን አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. በባለቤቱ ፈቃድ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በዓለም ዙሪያ መጫወት ጀመረ። ያ ሰብሳቢ ካሴቱን ዝም ብሎ አሠራጭቶት ቢሆን ኖሮ ሰዎች ዜማውን ይሰሙት ነበር፤ ኃይሉን ግን በመድረክ ላይ አያዩትም ነበር። እናንተም በልባችሁ የምትፈልጉት ልጆቹን እንደገና በመድረክ ማየት ከሆነ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹን ማስቀየም ከዚያ ያርቃችኋል።

ስለዚህ እንደገና ጻፊለት፤ ጥያቄሽን ግን ለውጪው። «ሁሉንም ልልቀቅ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ የትኛውን ምሽት እንደምታስቢ እንኳ አያውቅም። አንድ ምሽት ምረጪ፤ እኔ ብሆን መብራት የጠፋበትን እመርጥ ነበር። ለእሱ ብቻ ላኪለት፤ በሰላም ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማው ጠይቂው፤ ለመመለስም አታስቸኩዪው። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ያደገ ልጅ ያን ድምፅ የሚያገኘው ከቅጂ ብቻ መሆኑን አስታውሺው። ጌታቸው ገና በሕይወት ሳለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ሙከራ ወዳድ ቡድን ጋብዞት፣ ሽማግሌው ራሱ እንዲያጅቡት ጠይቋቸው ለዓመታት አብረው በብዙ አገር መድረኮች ተጫውተዋል፤ ከዚያ ኅብረት ዛሬ ለኛ የቀረው የተቀዳው ነው። ይህን ስትነግሪው ልታስገድጂው ሳይሆን፣ ቡድኑን ያላየው ወጣት ምን እንደጎደለው እንዲያይ ብቻ ይሁን። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ፣ ጉዳዩን ዝጊው፤ እሱ የሌለበት የጊታርና የከበሮ ምሽት ካለ በሦስቱ ፈቃድ ማውጣት ትችያለሽ።

ለጓደኞችሽም ነገሩን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ቅጂዎቹ እንዳልጠፉ፣ ለማንም እንዳልተሸጡ፣ ፈቃድ እየጠበቅሽ እንደሆነ። ለብቻሽ ልታስቀሪው እንደፈለግሽ የሚያዩበት ጥርጣሬ እንዲጠፋ ለአራቱም ተጫዋቾች የየራሳቸውን ሙሉ ቅጂ አሁኑኑ ስጪ። ወጣቱን ደግሞ ከተማ ውስጥ ከቀሩት አባላት ጋር አገናኚው። ጊታር ተጫዋቹና ከበሮ መቺው ድሬ ካሉ፣ ሃያ ሰው በአንድ ግቢ ምንጣፍ አንጥፎ ቢጠራቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ሳክስፎኑ ባይኖርም ምሽቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይወጣል እንጂ አይቀርም።

ድምፁ እንዳይበላሽብሽም ተጠንቀቂ። በድሬ ሙቀት አንድ ስልክና አንድ ፍላሽ አያስተማምኑም፤ ሳይቆረጥና ሳይጨመቅ በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠሽ አንዱን ከቤትሽ ውጭ አስቀምጪ። በእያንዳንዱ ምሽት ማን እንደተጫወተ፣ እንግዳ ማን እንደነበረ ስታስታውሺው ከጎኑ ጻፊ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው እሱን ነው። አዴ ያን ምሽት የዘፈኑት ለጎረቤቶቻቸው እንጂ ለዓለም አልነበረም፤ ዛሬም የሚጠየቁ ባይሆኑ ልጆች ይኖሯቸዋል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ነገ «ሁሉንም ልቀቂው» ቢልሽ እንኳ የእሳቸው ድምፅ ያለበት ምሽት የልጆቻቸውን ፈቃድ ይፈልጋል። ልጆቻቸው ቅጂው መኖሩን የሚያውቁ አይመስለኝም። ሂጂና ንገሪያቸው፤ ስትሄጂም ያን ዘፈን ለብቻው ገልብጠሽ ይዘሽላቸው ሂጂ።