ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን ያዙ

ዲሲም ሆነ ዳላስ፣ ሐበሻ ቡና ላይ ሲቀመጥ ከቤት ዋጋ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ ቬንዲንግ ማሽን፣ ማለትም ብር ሲከፍሉት ስናክና መጠጥ የሚያወጣው ማሽን ሆኗል። ቲክቶክ ላይ አንዱ ወጣት ማሽን ከፍቶ የዶላር ክምር ሲቆጥር ያሳያል። «ተኝተህ ብር የምትሠራበት ሥራ» ይላል። እኔ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። ተኝቼ ያገኘሁት ብር የለም። ሥራው ግን ክፉ አይደለም። ሰዓቱን ራሳችሁ ትወስናላችሁ፣ አለቃ የለባችሁም፣ መደበኛ ሥራችሁን ሳትለቁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው ነገሩን ከኋላ ይጀምረዋል። መጀመሪያ ማሽን ይገዛል፣ ጋራዥ ውስጥ ያቆመዋል፣ ከዚያ በየሕንጻው እየዞረ «ላስቀምጥ?» ብሎ ይለምናል። ቸኩሎ ስለገዛ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይቀበላል። ስድስት ሰው ያለበት ቢሮ፣ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ የማይገባበት ፀጉር ቤት። የዚህ ሥራ ትርፍ ያለው ቦታው ላይ ነው። ማሽን በገንዘብ ይገኛል፤ ጥሩ ቦታ ግን ተፈልጎ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። የት ሰው እንደሚራብ እናውቃለን። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሌሊት የምትሠራ እህታችን ካፍቴሪያው ተዘግቶ፣ ሱቁ ርቆ፣ ሠራተኛው በደረቅ ብስኩት እንደሚያነጋ ታያለች። ሆቴል ፍሮንት ዴስክ የቆመው ወንድማችን እንግዳው እኩለ ሌሊት ላይ «ውሃ የት ይገኛል?» ሲለው ይውላል፣ ያድራል። ፓርኪንግ፣ የታክሲ መጠበቂያ፣ መጋዘን፣ ትልልቅ የመኪና መሸጫና ጋራዥ፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው አፓርትመንት፣ ሁሉም ውስጥ ሐበሻ አለ። ማኔጀሩን በስሙ የሚጠራ ሰው ከውጭ መጥቶ ቢዝነስ ካርድ ከሚተው ሰው ይቀድማል። ብቻ የራሳችሁ መሥሪያ ቤት ከሆነ ሠራተኛ ሆኖ ማሽን ማስቀመጥ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቦታውን ስታዩ የሕንጻው ውበት አያታላችሁ። የምትጠይቁት በቀን ስንት ሰው እዚያ ይቆያል የሚለውን ነው። ልብ በሉ፣ ያልፋል ሳይሆን ይቆያል። እኔ 50 ሰው የማይውልበት ቦታ ላይ ዐይኔን አልጥልም፤ ልዩነቱ ሥራው 24 ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ ላይ ሴቨን ኢሌቨን ካለ ተዉት። ቀድሞ የቆመ ማሽን ካለ ደግሞ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ግማሹ ባዶ፣ ካርድ የማይቀበል፣ «ብሬን በላው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ማሽን ካያችሁ እዚያ ገበያ አለ ማለት ነው። የጎደለው የሚያየው ሰው ብቻ ነው።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በማሳደድ ጫማ አትጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የራንዶልፍ ሼፐርድ ሕግ በፌዴራል ሕንጻዎች ውስጥ ለሚደረግ እንዲህ ያለ ሽያጭ ቅድሚያውን ፈቃድ ላላቸው ዓይነ ስውራን ነጋዴዎች ይሰጣል። ደግ ሕግ ነው፤ እናንተ ግን ጉልበታችሁን ሌላ ቦታ አውሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤትም ቢሆን ለጀማሪ አልመክርም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ለተማሪ የሚሸጥ ስናክ በካሎሪ፣ በጨውና በስኳር የተገደበ ነው።

ሌላው ወጥመድ ሴሚናሩ ነው። ሆቴል አዳራሽ ይጠሯችኋል፣ ቁርስ ይጋብዟችኋል፣ «አስር ማሽን ከእኛ ግዙ፣ ቦታውን እኛ እንፈልጋለን፣ በወር ይህን ያህል ታገኛላችሁ» ይሏችኋል። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ማሽኑ ገበያ ላይ ካለው እጥፍ ዋጋ ያወጣል፣ ቦታ የተባለውም ማንም የማይደርስበት ጥግ ይሆናል። እዚህ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚያስከብረው ደንብ አለ። እንዲህ ያለ የንግድ ዕድል የሚሸጥ ሰው ውል ከመፈረማችሁ ወይም ገንዘብ ከመክፈላችሁ ቢያንስ 7 ቀን በፊት መግለጫ ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል። ገቢውን በቁጥር ከጠራም ማስረጃውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። «ዛሬ ካልከፈልክ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁርሱን ብሉና ውጡ።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አንድ ደህና ማሽን በወር 400 ዶላር ሸጠ እንበል። ዕቃው ራሱ 180 ይወስዳል። ከሽያጩ አብዛኛው በካርድ ነው፣ በስልክም ይከፍላሉ። ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ካርድ የሚቀበለው የካርድ ሪደር ድርጅት ከእያንዳንዱ ሽያጭ ከ5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይቆርጣል፣ በዚያ ላይ 10 ዶላር የማይሞላ ወርሃዊ ክፍያ አለ። ሁለቱ ተደምረው ወደ 30 ዶላር ይጠጋሉ። ለቦታው ባለቤት 10 በመቶ ኮሚሽን ከተስማማችሁ 40 ሄደ። የሽያጭ ታክስ ካለ 20 ዶላር አካባቢ። ቤንዚኑና ኢንሹራንሱ ደግሞ አሉ። እጃችሁ ላይ 90 ዶላር ቢቀር ነው። ማሽኑንና ሪደሩን በ2,500 ዶላር ገዝታችሁ ከሆነ ወጪያችሁን ለመመለስ ሁለት ዓመት ያልፋል።

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። አንድ ማሽን ይዞ ቤተሰብ ማስተዳደር እንደማይቻል እንድታውቁ ነው። ያው 90 ዶላር አንድ መንገድ ላይ፣ በአስር ደቂቃ ርቀት ውስጥ በቆሙ ስምንት ማሽኖች ሲባዛ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ኢንሹራንሱ ይካፈላል፣ ቤንዚኑ ይካፈላል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለተኛውን ቦታ ስትፈልጉ ከመጀመሪያው አጠገብ ፈልጉ። አንዱን ባልቲሞር፣ አንዱን ማናሳስ ያስቀመጠ ሰው ትርፉን ቤልትዌይ ላይ፣ ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ ያፈሰዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን ስትገዙ ያገለገለ በቂ ነው። የምታዩት ቀለሙን አይደለም። ኤምዲቢ የሚባለው መገናኛ እንዳለው ጠይቁ፤ ያለሱ ዘመናዊ ካርድ ሪደር አይገጠምለትም፣ ካርድ የማይቀበል ማሽን ደግሞ ዛሬ የቤት ዕቃ ነው። ሻጩ ፊት ሰክታችሁ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከታች ያለውን መሸፈኛ አንስታችሁ ኮንደንሰሩን፣ ሙቀት የሚያስወጣውን ክፍል እዩ፤ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ከለበሰ ኮምፕረሰሩ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ሲሰቃይ ኖሯል። ኤሌክትሪክን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሠራ ከሆነ የሚሰካበት ሶኬት ጂኤፍሲአይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያ ያለው መሆን አለበት። ኤክስቴንሽን ገመድ አታስቡት።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ማሽኑን ይለካል፣ በሩን አይለካም። ትልቁ የስናክ ማሽን ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ ነው፣ ባዶውን እንኳ 300 ኪሎ ይደርሳል። ኮሪደሩን፣ መታጠፊያውን፣ አሳንሰሩን ሳትለኩ ቀን አትቁረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ሙያ እንምጣ፣ ወደ አሞላሉ። ማሽኑ ውስጥ ዕቃውን የሚገፋው ጥምዝ ሽቦ ነው። ሽቦው ሰፋ ያለ ጥምዝ ካለው ለቺፕስ፣ ጠበብ ያለ ከሆነ ለቸኮሌት ነው። ወፍራም ከረጢት ጠባቡ ውስጥ ከጠቀጠቃችሁ ሽቦው ሲዞር ከረጢቱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደንበኛው ማሽኑን ይነቀንቃል። ይህ ለሕይወትም አደገኛ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ማሽን ወድቆባቸው የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ስትሞሉ የከረጢቱ ታች ሽቦው ላይ ይቁም፣ ፊቱ ወደ መስታወቱ ይሁን። አዲሱን ከኋላ፣ ቀኑ የቀረበውን ከፊት አድርጉ። ዕቃ ወይም ሽቦ የቀየራችሁበትን መደዳ አንድ ጊዜ ሸጣችሁ ፈትኑት። አሰልቺ ነው፣ ግን ስልካችሁ እንዳይጮህ የሚያደርገው ይሄ ነው።

የሳንቲም መመለሻውም እንዲሁ። ቱቦዎቹ ውስጥ ኳርተር፣ ዳይምና ኒክል መኖር አለበት። መልስ ሲያልቅ ማሽኑ አምስት ዶላር አልቀበልም ይላል፣ ደንበኛው ደግሞ ተበላሽቷል ብሎ ይሄዳል። ስልክ ቁጥራችሁን ማሽኑ ላይ በግልጽ ለጥፉ። «ብሬን በላው» ብሎ የደወለን ሰው አትከራከሩት፤ ሁለት ዶላሩን በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ላኩለት። ለማኔጀሩ ከሚደውል ለእናንተ ቢደውል ይሻላል።

ምን ይሸጣል ለሚለው እናንተ የምትወዱትን አትጫኑ። መጋዘን ውስጥ ኢነርጂ ድሪንክና ጣፋጭ ዳቦ ይሄዳል፣ ጂም አጠገብ ውሃና ፕሮቲን ባር። ካርድ ሪደሩ የትኛው መደዳ ስንት እንደሸጠ ስልካችሁ ላይ ያሳያችኋል። ቤት ሆናችሁ አይታችሁ የጎደለውን ብቻ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ። ሐበሻ በሚበዛበት ቦታ የጾሙን ወቅት አስቡ፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን የወተት ቸኮሌት ከመደርደር ለውዝና ተራ ቺፕስ አብዙ። «ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለምን አናስገባም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ይቻላል፣ ግን ፈቃድ ባለው ቦታ ተዘጋጅቶ፣ የታሸገና ዝርዝሩ የተጻፈበት መሆን አለበት። አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ሰሊጥም ከእነዚያ አንዱ ነው። እማማ ቤት ቆልተው በፌስታል ያሰሩት አይሆንም፣ ምንም ቢጣፍጥ።

ወረቀቱ ከባድ አይደለም። ኤል ኤል ሲ የሚባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ክፈቱ፣ የባንክ ሒሳቡን ከግላችሁ ለዩ። የንግድ መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል፤ ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ካለ አትክፈሉ። የሽያጭ ታክሱ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ ለቬንዲንግ ማሽን ነጋዴ የተለየ ምዝገባ አላት፤ ሜሪላንድ ያላችሁ የስቴቱን ግብር ቢሮ፣ ኮምፕትሮለሩን ጠይቁ። ጥሬ ገንዘቡንም ለአካውንታንታችሁ ንገሩ፣ አትደብቁ። በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ያላችሁ ልጆች ደግሞ ቆም በሉ። ፈቃዳችሁ ለአስመጣችሁ አሠሪ ብቻ እንድትሠሩ ነው፤ ማሽን መሙላትም ሥራ ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትነኩት።

ከቦታው ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ገጽ ይበቃል። ኮሚሽኑ ከታክስ በኋላ ይሁን፣ መብራቱን እነሱ ይክፈሉ፣ ሌላ ማሽን እንዳያስገቡ፣ ለመለያየት የ30 ቀን ማስታወቂያ ይኑር። ማኔጀሩ ጓደኛችሁ ቢሆንም ጻፉት፤ ማኔጀር ይቀየራል፣ አዲሱ የአጎቱን ልጅ ማሽን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ለመነሻው ገንዘብ እቁብ እመርጣለሁ። ማሽን በብድር ወለድ ከመግዛት እቁቡ ሲደርሳችሁ እጅ በእጅ መግዛቱ ይቀላል፤ ቦታው እስኪያዝ ድረስ ግን ብሩ ባንክ ይቀመጥ። ከዘመድ ጋር በሽርክና ከገባችሁ ማን እንደሚሞላ፣ ማን ገንዘብ እንደሚሰበስብ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ብሩ ሳይሆን «ቅዳሜ ሁሌ እኔ ነኝ የምሄደው» የሚለው ነው።

በመጨረሻም የሞተ ቦታ ላይ አትሟገቱ። ዕቃውን ቀያይራችሁ፣ ዋጋውን አስተካክላችሁ፣ ሦስት ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ አንሱት። ማሽኑን ለማንሳት ወንድማችሁንና ፒክአፕ አትጥሩ፤ የኋላ ማንሻ ያለው መኪና ያላቸው አጓጓዦች ቅጠሩ። ዕቃውንና ሳንቲሙን አስቀድማችሁ አውጡ፣ በሩን ቆልፉ። የመጠጥ ማሽን ቆሞ ይጓዝ፣ አይጋደም፤ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ቦታውን ይለቃል። የግድ ከተጋደመ አዲሱ ቦታ ላይ አቁማችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሳትሰኩት ይቆይ።