መርከብ የሌለው አድሚራል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። አጎቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። ባለፈው በርጫ ላይ፣ ጅቡቲ ካምፕ ሌሞኒየር ያሉትን አሜሪካኖች በአንድ ወቅት አድሚራል ይመራቸው እንደነበር አጫወተን። ጓደኛዬ ሳቀ። «አሸዋ ላይ የተቀመጠ አድሚራል? ተቀጥቶ የተጣለ መሆን አለበት» አለ። አጎቴ ደግሞ «ኧረ አቦ! እድገት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ለመሆኑ አንድን መኮንን ትልቅ አድሚራል የሚያደርገው የትኛው ሹመት ነው?
አንባቢ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ አጎትህ ልክ ነው። ጓደኛህም ቢሆን ዝም ብሎ አላወራም። መርከብ አዝዞ የማያውቅ መኮንን በባሕር ኃይል ውስጥ ሁሌም በጎን ነው የሚታየው።

ከጅቡቲው ልጀምር። የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ከ2006 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በካምፕ ሌሞኒየር ያለውን የአፍሪካ ቀንድ ጥምር ግብረ ኃይል ሪር አድሚራሎች (የመጀመሪያው የአድሚራል ደረጃ ላይ ያሉ) ተፈራርቀው መርተውታል። ወታደሩ፣ አየር ኃይሉ፣ ባሕረኛው አንድ ላይ ነው ያለው። ይህን የመሰለ ቦታ ተፈላጊ ያደረገው በ1986 የወጣ ሕግ ነው። በ1980 ኢራን ውስጥ ታጋቾችን ለማስለቀቅ የተላከው ኃይል በረሃ ላይ ከሽፎ ቀረ፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር በደንብ አለመናበቡም አብሮ ታየ። ኮንግረሱ ቆይቶ ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ የጦር ክፍሎች ጋር ተቀላቅሎ ያልሠራ መኮንን ጄኔራልም አድሚራልም ለመሆን ይከብደዋል። ስለዚህ ያ አሸዋ ላይ የተቀመጠው ሰው አልተጣለም። ከፍ ላለ ወንበር እየተፈተነ ነው።

እኔ ምጽዋ፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የራዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። የመኮንኖቹን የዝውውር ቴሌግራም ከባለቤቶቹ በፊት የማነበው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ማዕረጉን ያያል፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። እኔ ግን ዓይኔ «ወዴት» የምትለው መስመር ላይ ነበር የሚያርፈው። እድገት አግኝቶ ፊቱ የሚጠቁር መኮንን አይቻለሁ። ያለ እድገት ተዛውሮ በደስታ ሲጋራ የጋበዘኝም አለ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ላውራህ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ባሕር ኃይል ፓስፊክ ላይ ስለመራው አድሚራል፣ ቼስተር ኒሚትዝ። በ1908 ፊሊፒንስ ውስጥ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ ዲኬተር የምትባል አጥፊ መርከብ ያዝዝ ነበር። ጭቃ ላይ ወጣችበት። ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በደብዳቤ ተወቀሰ። ከዚያ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ተመደበ። ያኔ ሰርጓጅ ላይ መመደብን ብዙ ሰው አይመኘውም። እሱ ግን እዚያ የናፍጣ ሞተር ተማረ፣ በ1913 ጀርመንና ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ሞተር አጠና። ከዚያ ሞሚ በተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ተመደበ። በ1917 እሱና ጓዶቹ ለአጥፊ መርከቦች መሐል ባሕር ላይ፣ እየሄዱ ነዳጅ መቅዳት ጀመሩ። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ማንም የሚፎክርባት ቦታ አይደለችም። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ግን የፓስፊክ ጦርነት የተካሄደው በዚያ ዘዴ ነው። ውቅያኖሱ ሰፊ፣ ወደቡ ሩቅ ነበርና።

ከዚያስ? ሃዋይ ባለው በአሜሪካኖቹ ወደብ፣ ፐርል ሃርበር ላይ የሰርጓጅ መርከብ ሰፈር ሠራ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተማሪዎችን ለመኮንንነት አሠለጠነ። በ1933 ኦገስታ የምትባል ክሩዘር፣ ትልቅ የጦር መርከብ አዘዘ። ቀጥሎ ዋሽንግተን፣ ጠረጴዛ! የናቪጌሽን ቢሮ ይሉታል፤ ሥራው ግን የሰው ኃይል ነው። ማን የት ይመደብ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። በ1939 የቢሮው ኃላፊ ሆነ። የእኛ ድሬ የባቡር ከተማ ናት፣ ታውቀዋለህ፤ ሰው የሚያወራው ስለ ባቡር ነጂው ነው፣ ማን የትኛውን ባቡር እንደሚነዳ ጽፎ ስለሚመድበው ግን ማንም አያነሳም። ኒሚትዝ መዳቢው ነበር።

በ1941 መጀመሪያ ሩዝቬልት የጦር መርከቦቹን አዛዥነት ሲያቀርብለት፣ የሚቀድሙኝ ብዙ ናቸው ብሎ እንዳልተቀበለ ይነገራል። ቦታውን ሃዝባንድ ኪመል ወሰደ። ኪመል ደካማ መኮንን አልነበረም፣ ብዙ ሰው ተዘሎ ነው የተመረጠው። በታኅሣሥ ፐርል ሃርበር በጃፓኖች ተመታ። ኪመል በአሥር ቀን ውስጥ ተነሳ። በወቅቱ ትልቁ የባሕር ሹመት ያ ነበር፤ ኪመል ግን በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ኪመል ሲነሳ አራቱ ኮከቦቹ አብረው ተነሱ፣ ወደ ሁለት ኮከብ ተመለሰ። ቅጣት ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካኖቹ ዘንድ እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ የሚሰጠው ቋሚ ማዕረግ የሚያልቀው ሁለት ኮከብ ላይ ነው። ሦስትና አራት ኮከብ የወንበሩ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ሌላ እኩያ ወንበር ያላገኘ ሰው ወይ ጡረታ ይወጣል ወይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ትልልቆቹ አድሚራሎች የሚቀጥለው ምደባ እስኪታወቅ እንቅልፍ ባይወስዳቸው አይገርምም።

ኒሚትዝ ከሁለት ኮከብ በቀጥታ ወደ አራት ተሻግሮ በ1941 የመጨረሻ ቀን ፐርል ሃርበር ላይ ሥራውን ተረከበ፤ ርክክቡም ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነበር። የኪመል መኮንኖች ደንግጠው ቆመዋል፤ ሁላችንም ተባረርን ብለው። እሱ አላባረራቸውም። ከዋሽንግተን ሆኖ የመደባቸው እሱ ነዋ! ማን ምን እንደሚችል ያውቃል። የመረጃ መኮንኑ ኤድዊን ሌይተንም በቦታው ቀረ። ከስድስት ወር በኋላ ሚድዌይ በተባለችው የፓስፊክ ደሴት ላይ ጃፓኖች ከየት እንደሚመጡ አስቀድሞ ከተናገሩት አንዱ ሌይተን ነው። ጓደኛህ የሚንቀው ጠረጴዛ ጦርነት ላይ የሚያደርገውን አየኸው?

ኧርነስት ኪንግ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። አሜሪካ በ1926 አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብን የበረራ ሥልጠና ያለው ብቻ ያዝዝ የሚል ሕግ ስታወጣ፣ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት በ48 ዓመቱ የበረራ ክንፉን አገኘ። ከዚያ ሌክሲንግተን የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ አዘዘ፣ በጦርነቱም የባሕር ኃይሉ ሁሉ የበላይ ሆነ። በሩ የት እንደሚከፈት አስቀድሞ ያየ ሰው ነው። እኔ ይህን እንደ ብልጠት ብቻ አላየውም፤ በዚያ ዕድሜ ከልጆች ጋር ተቀምጦ መብረር መማር ቀላል አይደለም።

የተለየም አለ፤ ሃይማን ሪክኦቨር። መርከብ ማዘዙን ትቶ መሐንዲስ ሆነ፣ ለሪር አድሚራልነት ሁለት ጊዜ ታለፈ፣ በ1953 ኮንግረሱ ጣልቃ ገብቶ ነው ያደገው። በኑክሌር የሚሄደው ሰርጓጅ መርከብ የእሱ ሥራ ነው። ግን ልጄ፣ ሪክኦቨርን አይቶ የባሕር ላይ ሹመትን የሚንቅ ሰው ይሳሳታል። ለእሱ የሆነው ለሌላው አይሆንም።

ለእኛ የምትቀርበውን ደግሞ ልጨምርልህ። ሚሼል ሃዋርድ በ1999 ረሽሞር የምትባል መርከብ አዘዘች። የአሜሪካን የጦር መርከብ በማዘዝ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ2009 እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤና ሶማሊያ አካባቢ፣ የባሕር ወንበዴዎችን የሚያሳድደውን ጥምር ኃይል ትመራ ነበር። ወንበዴዎች የያዙት የመርስክ አላባማ፣ የአሜሪካ ጭነት መርከብ፣ ካፒቴን የተለቀቀው ያኔ ነው። በ2014 አራት ኮከብ ሆነች፤ በባሕር ኃይሉ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት።

ለጓደኛህ ንገረው፤ መርከቧ ለውድድሩ ታስገባሃለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አሸዋውና ጠረጴዛው ይወስኑታል።

ጥያቄ፦ አባባ፣ በእኛ አገርስ? ሐረር ጦር አካዳሚ አድሚራል ያሠለጥን ነበር ወይ? ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል። ያሠለጥን ነበር ብዬአለሁ።
ተማሪ፣ ከሐረር ሸንኮር

መልስ፦ ተበልተሻል። የሐረር አካዳሚ በህንዳውያን መኮንኖች እርዳታ የተቋቋመ የምድር ጦር ትምህርት ቤት ነበር። የባሕር ኃይል መኮንኖች የሚሠለጥኑት አስመራ ነው።

ባሕር ኃይላችን በ1955 ሲቋቋም ኖርዌዮች ረድተውናል። ምክትል አዛዥ የነበረው ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 14 ቀን 1967 ከሌሎቹ ባለሥልጣናት ጋር ተረሽኗል።

የእኛ ችግር ግን የመርከብ ቁጥር ነበር። ትልቋ አንድ ብቻ ናት፤ በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ»። የቀሩት ትንንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ናቸው። ካፒቴኑ አንድ ነው፣ ተራ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ጎበዝ መኮንን ጀልባ አዝዞ ሲጨርስ የሚቀረው ምጽዋ የሰፈሩ ሥራ፣ አሰብ ወይም አዲስ አበባ ጠቅላይ መምሪያ ነው። ቴሌግራሙ «አሰብ» ካለ እኔ ራሴ ለባለቤቱ ይዤ መሄድ ያስፈራኝ ነበር። ሙቀቱ ከእናንተ ሐረር ቀርቶ ከእኛ ድሬም አይገናኝም። «አዲስ አበባ» ካለ ግን ሻይ ይጠጣልኛል። በልቤ ግን የአሰቡ ሰውዬ የተሻለ አገኘ እል ነበር። እዚያ ቢያንስ ባሕሩን ያየዋል፣ ጀልባዎቹንም ራሱ ያዛቸዋል።

ውርርዱ በምን ነበር? በሆጃ ከሆነ ያሸነፈሽን ልጅ ጋብዢ።