ዜሮ ነው ያሉህ መኪና ስንት ዓመት ቆሟል?

የመኪና ጥያቄና መልስ፣ ከአዳማ

በዚ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ቅናሽ ናቸው፣ ወይ ብር ገብቷል ወይ ደላላ በዝቷል። የቪትዝና የኮሮላ ጠያቂዎች ትንሽ ታገሱኝ፣ ዛሬ የቅንጦቶቹን ልጨርስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ፣ ፍራንኮ አካባቢ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ አለኝ። ዱባይ ያለ ጓደኛዬ ፖርሸ ታይካን አገኘሁልህ ይላል፣ የ2022 ሞዴል ነው ግን ዜሮ ነው፣ ሾውሩም የቆመ፣ ከዋጋው 35 ፐርሰንት ይቀንሳሉ፣ ዋራንቲው ሙሉ ነው ኢትዮጵያም ድረስ ይሰራል አለኝ። ቀብድ ቶሎ ካልላክህ ሌላ ሰው ይወስደዋል ምናምን እያለ ነው። ሚስቴ ደሞ እንዳትልክ ብላ ይዛኛለች። ምን ይሉኛል? የፍራንኮው ነኝ።

መልስ፦ በቅድሚያ ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ቀብዱንም ቢያንስ ይቺን አንብበህ እስክትጨርስ አትላክ።

ቅናሹ ውሸት ነው አልልህም። ታይካን የፖርሸ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ እሱ ላይ ትልቅ ቅናሽ መገኘቱ እውነት ነው፣ ምክንያቱም ገበያው ወርዷል። በፈረንጆቹ 2023 ፖርሸ በዓለም ዙሪያ ከ40 ሺህ በላይ ታይካን አስረክቦ ነበር፣ በ2024 ግን 20,836 ብቻ፣ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። ይሄ ሳያንስ እዛው 2024 መጀመሪያ ላይ የታደሰውን ሞዴል አወጡና ትልቁ ባትሪ ከ93 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 105 አደገ፣ በአውሮፓ መለኪያ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ እስከ 678 ኪሎሜትር ይሄዳል ተባለ፣ የድሮው በዛው መለኪያ 500 ምናምን ነበር። አንተ ነጋዴ ነህ፣ መጋዘንህ በአምና ቀለም ተሞልቶ ፋብሪካው የተሻለውን ይዞ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ? ቀንሰህ ትገላገላለህ እንጂ አቅፈህ አትተኛም። ሾውሩሙም እንደዛው ነው፣ የቆመ መኪና ቦታ ይይዛል የባንክ ወለድም ይበላል።

እኔን ያልተዋጠልኝ "ዜሮ" የምትለዋ ቃል ናት። ሾውሩም ውስጥ ሶስት አይነት መኪና ይቆማል፣ አንዱ በማንም ስም ተመዝግቦ የማያውቅ ነው፣ አንዱ ሻጩ ራሱ በስሙ አውጥቶ ደንበኛ ሲሞክረው የከረመ ወይ ሰርቪስ ላስገባ ሰው ለጊዜው ሲሰጥ የነበረ ነው፣ ሶስተኛው ደሞ አንዴ ተሸጦ የተመለሰ። ከዚ ውጪ አሜሪካ ተጋጭቶ ሻርጃ ላይ ላሜራው ተስተካክሎ ቀለም ተቀብቶ የሚያበራው አለ፣ እሱን እንዲያውም አትቁጠረው። ደላላ አራቱንም ዜሮ ነው የሚላቸው። ዋራንቲ ግን መቁጠር የሚጀምረው አንተ የገዛህ ቀን ሳይሆን መኪናው መጀመሪያ ለሰው የተሰጠ ወይ የተመዘገበ ቀን ነው። ስለዚ ጓደኛህን "ዋራንቲ አለው ወይ" አትበለው፣ "ዋራንቲው ከየትኛው ቀን ጀመረ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" በለው። የባትሪው ዋራንቲ 8 ዓመት ወይ 160 ሺህ ኪሎሜትር ነው፣ የመያዝ አቅሙ ከ70 ፐርሰንት በታች ከወረደ ነው የሚሰራው። የሌላው አካሉ በየአገሩ ይለያያል፣ አውሮፓ 2 ዓመት ነው፣ አሜሪካ 4 ዓመት ወይ 50 ሺህ ማይል። የራስህን ከዱባዩ ወረቀት ላይ አንብብ።

አሁን ወደ ጎማው እንሂድ። ጓደኛህን ቪዲዮ ኮል ደውልለትና ተንበርክኮ የጎማውን ጎን ያሳይህ። እዛ ላይ በትንሽ ክብ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥር አለች፣ ለምሳሌ 1822 ካለ ጎማው የተሰራው በ2022 በ18ኛው ሳምንት ነው። አራቱንም ጎማ ያሳይህ፣ አንዱን አይቶ "ያው ናቸው" እንዳይልህ። ከሞዴሉ ጋር ከተቀራረበ ጥሩ፣ ጎማው ግን 2024 ላይ የተሰራ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ዜሮ ኪሎሜትር የነዳ መኪና ጎማው በምን አለቀና ተቀየረ? ከዛ መስታወቱ ስር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ያንብብልህ፣ ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ 17 ነው፣ ፖርሸ ላይ 10ኛው ፊደል የሞዴል ዓመቱ ነው፣ ኤን ከሆነ 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። ሁለት ዓመት የቆመ መኪና መብራትና መስኮት የምታሰራው ትንሿ ባትሪ ትሞታለች፣ የፍሬን ዲስኩ ይዝጋል፣ ትልቁ ባትሪም ባዶውን ከከረመ አይወድለትም፣ ስለዚ የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር አስነብበህ ውጤቱን በወረቀት ተቀበል።

ሌላም አለ። በ2024 ፖርሸ እስከዛ የተሰሩትን ታይካኖች በሙሉ ለፊት ፍሬን ቱቦ ጥገና ወርክሾፕ ይምጡ ብሎ ጠርቷቸዋል፣ ቱቦው ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ። የተወሰኑትን ደሞ በባትሪ ምክንያት እስኪታዩ ድረስ ከ80 ፐርሰንት በላይ ቻርጅ አታድርጉ ብሏል። ይሄ ጥገና በነፃ ነው፣ ግን ኦፊሴላዊ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ አዳማ ደሞ የፖርሸ ወርክሾፕ የለም፣ ፖስታ ቤት ጋ ያለው ጎበዝ ልጅ ምንም ቢጎብዝ ያን ኮምፒውተር አያገኘውም። ስለዚ መኪናው ዱባይን ሳይለቅ በሻንሲ ቁጥሩ ተጣርቶ፣ ያልተሰራ ካለ ተሰርቶ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይሰጥህ። "ዋራንቲው ኢትዮጵያም ይሰራል" ያለህን በፅሁፍ ጠይቀው፣ የማን ወርክሾፕ ነው የሚሰራልኝ፣ ትራንስፖርቱንስ ማን ይከፍላል? ጭነኸው ወደ ጅቡቲ ልትመልሰው ከሆነ ያ ዋራንቲ ሳይሆን ሽርሽር ነው።

ሶኬቱንም እይ፣ የዱባዩ ሲሲኤስ ቱ ነው የሚባለው፣ እዚ አገር በብዛት የገባው የቻይና መኪና ደሞ ጂቢቲ ነው፣ የጎረቤትህ ቻርጀር ላይገጥምልህ ይችላል። ታክሱን በተመለከተ መመሪያ ስለሚቀያየር ትራንዚተር ሳታናግር አትነሳ፣ እና ዋጋ ስታሰላ በቅናሹ ደረሰኝ ብቻ አታስላ፣ ጉምሩክ ዋጋው ካልተዋጠለት የራሱን ግምት ነው የሚይዝልህ።

ይሄን ሁሉ አልፎ ንፁህ ሆኖ ከተገኘ ግዛው፣ መኪናው ግሩም መኪና ነው። ሲያልቅልህ አንድ ቀን እስከ ሞጆ ውሰደኝ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ። ልጄ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ፖርሸ 911 ጂቲ 3 የሚሉት መኪና ልግዛ ብሎ ሻጩ መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ ጨምር አለው። እቃ ከተለጠፈበት ዋጋ በላይ ይሸጣል እንዴ? ልጄን እያታለሉት ነው ወይ? አጎቱን አበድረው በይልኝ እያለኝ ነው።

መልስ፦ እትዬ፣ አላታለሉትም፣ ደስ ባይልም። አሜሪካ አገር በ1958 በወጣ ሕግ አዲስ መኪና መስኮት ላይ ዋጋው መለጠፍ አለበት፣ ግን ያ ፋብሪካው "ይሄን ያህል ቢሸጥ" ያለው እንጂ ሻጩን የሚያስገድድ አይደለም። እርስዎ ቤት ሰርተው ከሆነ ያውቁታል፣ ሲሚንቶ የፋብሪካ ዋጋና የገበያ ዋጋ ነበረው አይደል? እንደዛ ነው። ጂቲ 3 ጥቂት ነው የሚመረተው፣ ሻጩ ደሞ ኮታው ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ለቆየ ደንበኛ ነው የሚሰጠው፣ አዲስ ለሚመጣው ወይ ወረፋ ወይ ጭማሪ። ፌራሪማ ከዚ ይብሳል፣ በ2024 ለዓለም ሁሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ነው፣ ይሄን ለመላው ዓለም ያካፍሉት እስቲ። ከላይ ለፍራንኮው ልጅ የመለስኩትን አንብበው ከሆነ ያው ፖርሸ አንዱን መኪና በቅናሽ እየገፋ ሌላውን በጭማሪ ይሸጣል፣ የሚገርመው እሱ ነው።

ልጅዎን እንዲህ ይበሉልኝ፦ ጂቲ 3 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካላለ ተራውን 911፣ ካሬራ የሚሉትን ይመልከት፣ ሾውሩም ውስጥ የቆየውን ይጠይቅ፣ በተለይ የወሩ መጨረሻ ላይ ሻጮቹ ቁጥራቸውን መሙላት ስለሚፈልጉ ይላላሉ። ሻጩ ሲያሳይበት የከረመውን ቢሰጡት በደንብ ይቀንስ፣ ዋራንቲው የጀመረበትን ቀን ግን ይጠይቅ። የፊርማው ክፍል ሲገባ ተጨማሪ ዋራንቲ ግዛ ይሉታል፣ የፖርሸ የራሱ ነው ወይስ የሌላ ድርጅት ብሎ አንብቦ ይፈርም። ሰርቪስ ውጪ ካሰራህ ዋራንቲህ ይቃጠላል ቢሉት እንዳይደነግጥ፣ ከ1975 ጀምሮ ያለው ሕጋቸው ውጪ አሰራህ ብሎ ብቻ መከልከልን አይፈቅድም፣ ደረሰኙን ብቻ ይያዝ።

የአጎትየው ብድር ላይ አልገባም። ግን ነድቶት አዳማ ይመጣል ብለው ካሰቡ ተስፋ አያድርጉ፣ የቤንዚን የቤት መኪና ከ2024 ጀምሮ ማስገባት ተከልክሏል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነን፣ አሞራ ገደል ዓሳ እየበላን ተወራርደን ነው። እኔ የፌራሪ ዋራንቲ 3 ዓመት ነው አልኩ፣ ጓደኛዬ 7 ነው አለ። ማነው የበላ?

መልስ፦ ዋራንቲው 3 ዓመት ነው፣ ኪሎሜትር አይቆጠርበትም። 7 ዓመቱ ደሞ በነፃ የሚሰጠው መደበኛ ሰርቪስ ነው፣ ጓደኛህ እሱን ሰምቶ ነው። አንተ በልተሃል፣ ግን ዓሳውን ተካፈሉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ እባክዎ ይርዱኝ። ከሁለት ወር በፊት "ስፖርት" የሚባል የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፣ ስቶክ ላይ የቆየ ነው ብለው ቀነሱልኝ፣ የሁለት ዓመት ዋራንቲ ብለውኝ ነበር። ባለፈው በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ የኤሊ ምልክት በራና መኪናው ከ40 በላይ አልሄድ አለኝ፣ ኋላ ያለው ከባድ መኪና በጥሩምባ ሊገለኝ። ሻጮቹ ጋ ስሄድ "ቻርጅ አድርጊው ይለቅሻል" አሉኝ፣ ዋራንቲ የተባለው ወረቀት ደሞ በቻይንኛ ነው።

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ እኔም በሱው ተቃጥያለሁ። ስሙን የማልጠራው ሻጭ ዘንድ "ዜሮ ኪሎ" ብለው ሸጡኝ፣ በሶስተኛው ሳምንት ሞጆ የክፍያ ጣቢያው ላይ ካርድ ልሰጥ መስኮት ላወርድ ብል መኪናው ፀጥ። መስኮት የለ፣ መብራት የለ፣ ኋላዬ ሰልፍ። ትንሿ ባትሪ ናት የሞተችው፣ ከፍቼ ሳያት ተርሚናሏ በነጭ ዱቄት ተሸፍናለች፣ ጎማውን ሳይ የተሰራው ከሁለት ዓመት በፊት። ይሄ የጎማ ቁጥር አባዜ የያዘኝ ከዛ ቀን ጀምሮ ነው።

ኤሊዋ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ቀንሷል ማለት ነው። ቻርጅ ሲያልቅ ትበራለች፣ ያ ጤነኛ ነው፣ ግን ቻርጅ እያለው ከበራች ወይ ባትሪው ግሏል ወይ ከውስጡ ሴሎች አንዱ ደክሟል ወይ ሴንሰር ነው። ያኔ ስንት ፐርሰንት እንደነበረው ታስታውሻለሽ? ከ30 በላይ ከነበረ "ቻርጅ አድርጊው" መልስ አይደለም። ድጋሚ ስትበራ ዳሽቦርዱን ከነኪሎሜትሩ ፎቶ አንሺው፣ ስካነር ያለው ጋ ሄደሽ ኮዱን አስነብቢ፣ እንዳያጠፉብሽ ግን "አንብቡ እንጂ አታጥፉ" በያቸው።

የቻይንኛው ወረቀት የፋብሪካው ዋራንቲ ከሆነ ቻይና ውስጥ ለተሸጠ መኪና ነው፣ ብዙዎቹ እዛ አንዴ ታርጋ ወጥቶላቸው "ያገለገለ" ተብለው ዜሮ ኪሎሜትር ይዘው ነው ሲወጡ የከረሙት፣ ፋብሪካው እዚ ላለሽው አይጠየቅም። ስለዚ ያለሽ ዋስ ሻጩ ነው። ውልሽን አውጪና ሁለት ዓመት የሚለው በአማርኛ ተፅፎ ማህተም አርፎበታል ወይ እይ። ባይኖርበትም ተስፋ አትቁረጪ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለእቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፣ ግን ገዢው ጉድለቱን እንዳየ ቶሎ ማሳወቅ አለበት፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚ ጋ ነው፣ በስልክ ሲጨቃጨቅ ወራት ይሄዳል። ዛሬውኑ ደብዳቤ ፃፊ፣ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የኮዱ ወረቀት፣ ፎቶው፣ የደረሰኙ ኮፒ። ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂና አንዱ ላይ "ደርሶናል" አስብለሽ አስፈርሚ። አንፈርምም ካሉሽ አትጣዪ፣ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪው፣ የሚሰጡሽን ካርኒ ደሞ ከሊብሬው ጋር አስቀምጪው።